የሄንሪ ሮኖ 81 ቀናት

በመተማና በገዳሪፍ አካባቢ ያሉ ተማሪዎቻችን «ረጅም ሩጫ የደጋ ልጅ ሥራ ነው» ሲሉ እንሰማለን። ከፊሉ እውነት ነው። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ የናንዲ ደጋ ልጅ ነበር። ሆኖም የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት አራት የዓለም ሪኮርዶችን የሰበረው በበርክሌይ፥ በሲያትል፥ በቪየናና በኦስሎ፥ ይኸውም ኦክሲጅን በማያንስባቸው ዝቅተኛ ከተሞች ነው። በዚሁ መካከል በአሜሪካ የኮሌጆች ሻምፒዮና 3,000 ሜትር መሰናክልን በ8 ደቂቃ ከ12.39 ሴኮንድ ጨረሰ። የ10,000 ሜትሩ 27 ደቂቃ ከ22.4 ሴኮንድ በ25 ዙር ሲካፈል አንዱ ዙር 65.7 ሴኮንድ ይሆናል። ተማሪዎች በገመድ 400 ሜትር ለክተው አንዲቱን ዙር ብቻ ይሞክሯት!

የእኛ ችግር ሙቀቱ ነው። ደም ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ወደ ቆዳ ሲሄድ ለጡንቻ የሚደርሰው ያንሳል። ስለዚህ ሙከራው ጎህ ሲቀድ ይሁን፤ እኛ አንድ ጊዜ በቀትር አስሮጠን ልጅ ወድቆብናል።