ስለላው ሲያበቃ የሚጀምረው ድራማ

በቴሌቪዥን ከሚቀርቡ ተከታታይ ድራማዎች መካከል ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ቶሎ የሚደክመው የስለላ ድራማ ነው። ተከታታይ ድራማ በየሳምንቱ በሚታዩ ክፍሎች የሚከፋፈል ሲሆን፣ ባንድ ወቅት ተከታትለው የሚታዩት ክፍሎች ተጠቃለው ምዕራፍ ይባላሉ። የቤተሰብ ድራማ ልደቱም ሠርጉም ኀዘኑም ስለማያልቅበት እንደ ኑሮው ራሱ ሊረዝም ይችላል፤ የስለላ ድራማ ግን የተመልካቹን ልብ አንጠልጥሎ የሚያቆየው ሰላዩ ይያዝ ይሆን ወይስ ያመልጥ ይሆን በሚለው አንድ ጥያቄ በመሆኑ፣ ጥያቄው ከተመለሰ ታሪኩ ያበቃል፣ መልሱ ከዓመት ዓመት ከተገፋ ደግሞ ተመልካቹ ሰላዩ እንደማይያዝ ልብ ይልና መሥጋቱን ይተዋል። ስለሆነም የዚህ ዓይነቱ ድራማ የኋላ ምዕራፍ ሲመዘን ዋናው መመዘኛ ምን ያህል አዲስ አደጋ ተፈጠረ የሚለው አይደለም። በፊተኞቹ ምዕራፎች የተዋሸው ውሸት፣ የተከዳው ወዳጅ፣ በሐሰት ስም የተመሠረተው ትዳር ዕዳው በማን ላይ ወደቀ የሚለው ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚነሣው «ሆምላንድ» የተሰኘው የአሜሪካ ድራማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 ድረስ ስምንት ምዕራፎች የታዩለት፣ «ሐቱፊም» ከተባለ የእስራኤል ድራማ የተወሰደ ሥራ ነው። ተመልካቹን ከመጀመሪያው የያዘው ከምርኮ የተመለሰው ወታደር ብሮዲ ከሀዲ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥርጣሬ ነበር፤ ብሮዲ በሦስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ቴህራን ላይ ሲሰቀል ግን ጥርጣሬውም አብሮት አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ድራማው ወደ ኢስላማባድ፣ ወደ በርሊን፣ ወደ ካቡል እየተዛወረ ሥፍራና ጠላት በመለወጥ ራሱን ለማደስ ደከመ። አንዳንዶቹ ምዕራፎች በብርቱ የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን አገር መቀየር የታሪክ መቀጠል ማለት አይደለም።

ከዚህ ፍጹም በተለየ መንገድ የሄደው፣ ስለ ኋላ ምዕራፍ ጥበብ ለመማር ለሚፈልግ ሁሉ ሊጠና የሚገባው ሥራ «ዘ አሜሪካንስ» ነው። የድራማው ፈጣሪ ጆ ዋይስበርግ ቀድሞ በአሜሪካ የማዕከላዊ የስለላ ድርጅት፣ በተለምዶ ሲአይኤ በሚባለው፣ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ለታሪኩ መነሻ የሆነውም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 አሜሪካ ውስጥ አሥር የሩሲያ ሰላዮች የተያዙበት እውነተኛ ክስ ነው፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንደ ተራ ጎረቤት ቤት ገዝተው፣ ልጆች ወልደው ይኖሩ የነበሩ ሲሆን፣ ልጆቹም የወላጆቻቸውን ማንነት አያውቁም ነበር። እንዲህ ያለው ሰላይ ከኤምባሲ ሰላይ የሚለየው የዲፕሎማት ከለላ ስለሌለው ነው፤ ዲፕሎማት ቢያዝ ይባረራል፣ በሐሰት ማንነት የሚኖረው ግን ቢያዝ የሚጠብቀው ወኅኒ ነው።

ዋይስበርግ ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. ወደ 1980ዎቹ፣ ወደ ፕሬዚዳንት ሬገን ዘመን መልሶ፣ ፊሊፕና ኤልሳቤት ጄኒንግስ በተባሉ ባልና ሚስት ላይ አስቀመጠው። እነዚህ ሁለቱ በዋሽንግተን አቅራቢያ የጉዞ ወኪል ቢሮ ያላቸው ሰላማዊ ነጋዴዎች መስለው የሚኖሩ የኬጂቢ፣ ማለትም የሶቪየት የስለላ ድርጅት፣ መኮንኖች ናቸው። ጎረቤታቸው ስታን ቢማን ደግሞ ሰላዮችን የሚያድነው የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ባልደረባ ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 በስድስት ምዕራፎችና በ75 ክፍሎች የታየ ሲሆን፣ አምስተኛው ምዕራፍ እጅግ አዘገመ የሚል ወቀሳ ደርሶበት ነበር። ወቀሳው መሠረት አለው፤ ሆኖም ስድስተኛው ምዕራፍ ከታየ በኋላ ያ ዝግታ ዓላማ እንደ ነበረው ይገባል፣ ምክንያቱም በአምስተኛው ምዕራፍ ቀስ በቀስ የሚታየው የፊሊፕ መሰልቸት ለመጨረሻው መለያየት መሠረቱን የጣለ ነውና።

ስድስተኛው ምዕራፍ ሦስት ዓመት ዘልሎ እ.ኤ.አ. ከ1987 ይጀምራል፤ ይህም የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ስለ ኑክሌር መሣሪያ ቅነሳ ለመዋዋል ወደ ዋሽንግተን የሚመጣበት ወቅት ነው። ፊሊፕ ስለላን ትቶ እውነተኛ ነጋዴ ሊሆን ይታገላል፤ ንግዱ ግን ዕዳ ውስጥ ገብቶበታል። ኤልሳቤት የሁለቱንም ሥራ ብቻዋን ተሸክማ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ ሲጋራዋን ከእጇ ሳትለይ ትታያለች፤ ተዋናይቷ ኬሪ ራስል ይህን ድካም በቃል ሳይሆን በአቀማመጧና በዓይኗ ነው ያመጣችው። ከዚያም የጎርባቾቭ ወገን የሆነ ሰው ፊሊፕን ሚስቱ በድርድሩ ላይ የምትሠራውን እንዲከታተል ይጠይቀዋል። አምስት ምዕራፍ ሙሉ አብረው አሜሪካውያንን ሲሰልሉ የኖሩት ባልና ሚስት አሁን አንዱ ሌላውን ሲሰልል ተመልካቹ ያያል። ተጨማሪ ፍንዳታ ወይም አዲስ ጠላት አላስፈለገም፤ የቆየው ታሪክ ራሱ ወደ ውስጥ ታጠፈ።

የመጨረሻው ክፍል ስታን የገዛ ጎረቤቶቹን በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሽጉጥ ደግኖ ሲያስቆማቸው የሚታይበት ነው። ትዕይንቱ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ንግግር ሲሆን፣ ጥይት አይተኮስም፤ ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ስታን ይተኩስ ይሆን የሚለው ሳይሆን፣ ሰው ከልቡ የሚወደው ብቸኛ ጓደኛው ለዓመታት ሲዋሸው እንደ ኖረ ፊት ለፊት ሲያውቅ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ባልና ሚስቱ ያመልጣሉ፤ ታናሹን ልጃቸውን ሄንሪን ግን ምንም ሳያውቅ በትምህርት ቤቱ ይተዉታል፣ ልጃቸው ፔጅም ወደ ካናዳ ድንበር ሲደርሱ ከባቡሩ ወርዳ ትቀራለች። አልተያዙም፣ አልሞቱም፤ ነገር ግን ልጆቻቸውን አጥተዋል። ክፍሉ በታየበት ዓመት ማቲው ሪስ በፊሊፕ ገጸ ባሕርይ፣ ጸሐፊዎቹም በዚህ ክፍል ድርሰት የኤሚ ሽልማትን ማግኘታቸው የሚገባ ነበር።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዓይነት ታሪክ እንግዳ አይደለም። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ማሞ ውድነህ በተረጎማቸው መጻሕፍት አማካይነት የስለላ ዓለም በኢትዮጵያ ከተሞች በሰፊው ይነበብ ነበር፤ «የካይሮው ጆሮ ጠቢ» እና «የኛ ሰው በደማስቆ» ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ከነበሩት ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደማስቆ ላይ የተሰቀለው የእስራኤል ሰላይ ኤሊ ኮኸን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2019 «ዘ ስፓይ» ተብሎ ባለ ስድስት ክፍል ድራማ ሲሆን፣ በዕድሜ የገፋው የአማርኛ አንባቢ ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። የዚሁ ድራማ ፈጣሪ ጊዲዮን ራፍ፣ «ሐቱፊም»ንም የፈጠረው ሰው፣ በዚያው ዓመት ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል የወጡበትን ምስጢራዊ ዘመቻ በፊልም አቅርቧል፤ በፊልሙ ውስጥ ግን ከጎንደር ተነሥተው በእግራቸው የተሰደዱት ኢትዮጵያውያን ለነጭ ጀግኖች ማድመቂያ ሆነው መቅረታቸው ብዙ ተቺዎችን አሳዝኗል። የኢትዮጵያን ታሪክ ሌላው ሲተርከው ኢትዮጵያዊው ከዳር እንደሚቆም ይህ ፊልም በግልጽ ያሳያል።

በአማርኛ በቀጥታ ከተጻፉት መካከል የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከሁሉ ይቀድማል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አሥመራ ውስጥ የሚካሄደውን የሰርጎ ገብና የስለላ ትግል፣ ከጋዜጠኛው ጸጋዬና ከፊያሜታ ፍቅር ጋር አዋሕዶ ያቀረበ ሲሆን፣ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀርቷል። «ዘ አሜሪካንስ» የሚተርከው ዘመንና «ኦሮማይ» የተጻፈበት ዘመን አንድ ነው፤ ልዩነቱ የዋሽንግተኑ ታሪክ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሰላም ተቀምጦ የተጻፈ መሆኑ፣ የአሥመራው ግን እሳቱ ሳይበርድ ተጽፎ ጸሐፊውን ሕይወቱን ማስከፈሉ ነው።

ለቴሌቪዥን ተከታታይ የስለላ ድራማ የሚሆን፣ ከዚህም የሚሰፋ ታሪክ ግን ጎጃም ውስጥ አለ፤ እስካሁንም የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ከብቸና ብዙ የማይርቀው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር፣ ደራሲው ሐዲስ አለማየሁ የተማሩበትና በልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በጉልህ የሚታየው ሥፍራ፣ የሚገኝበት ምሥራቅ ጎጃም በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ አርበኛና ባንዳ፣ ማለትም ለጣሊያን ያደረ የአገር ልጅ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ምድር ነበር። በዚያ ዘመን «የውስጥ አርበኛ» የሚባለው በጠላት ቁጥጥር ሥር እየኖረ፣ አንዳንዴም የጠላትን ደመወዝ እየበላ፣ ለበረኸኛው ወሬና ጥይት የሚያቀብለው ሰው ነበር፤ የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስም በዚህ ረገድ በመላው አገሪቱ የታወቀ ነው።

በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው ሚሽን 101 የተባለ አነስተኛ ቡድን የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ ጎጃም ገባ። ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት ሙሎ ላይ እርሻ የነበረው፣ አገሩንና ሰውን የሚያውቅ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረውት ነበሩ። የቡድኑ ተግባር በሬዲዮ መልእክት ማስተላለፍ፣ የጠላትን ኃይል ማጥናትና ከሁሉ በላይ እርስ በርስ የሚጠራጠሩትን የጎጃም አርበኞች መሪዎች ማስታረቅ ነበር፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተስማምተው እንዲሠሩ መደረጉ ከብዙ ሣጥን ጥይት የሚበልጥ ድል ነው። ከካርቱም ደግሞ ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር «ባንዲራችን» የተባለውን የአማርኛ ጋዜጣና በራሪ ወረቀቶችን እያዘጋጀ፣ በጣሊያን ሥር ያሉ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች እንዲከዱ ይቀሰቅስ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉ በኋላም፣ ከሁለት ሺህ እምብዛም የማይበልጠው፣ እንግሊዛዊው ሜጀር ዊንጌት የሚመራው ጊዲዮን የተባለ ጦር በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ጠላት ያስለቀቀው ከአርበኞች ጋር በመሆንና ብዙ በመምሰል ነው። ደብረ ማርቆስ ስትያዝ ጣሊያንኛ የሚችለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ በተማረከ ስልክ የራሳቸው ሰው መስሎ፣ ብዙ ሺህ የእንግሊዝ ጦር እየገሠገሠ ነው ብሎ በዐባይ በኩል ያሉትን ጣሊያኖች ማስደንገጡ ይተረካል።

እስከዚህ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡም ሊዘጋ ይችላል። ብዙ ጊዜ የአገራችን ታሪካዊ ድራማ በዚህ ዓይነት ድል ላይ ይቆማል። ይሁንና ከላይ በተባለው፣ የቀድሞው ውሸትና ክዳት ዕዳው በማን ላይ ወደቀ በሚለው መመዘኛ ከታየ፣ የጎጃም ታሪክ ድራማነቱ የሚጠነክረው ከዚህ ወዲህ ነው።

የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ፣ ከዙፋን የተሻሩት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እስር እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ከወረራው በፊት የታሰሩ፣ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጋር ያደሩ፣ በመጨረሻም ጣሊያኖች ጎጃምን እንዲያረጋጉላቸው ወደ ደብረ ማርቆስ የመለሷቸው መስፍን ነበሩ። ጣሊያኖች ከተማዋን ለቀው ዐባይን ሲሻገሩ ራስ ኃይሉ ቀርተው ንጉሠ ነገሥቱን ተቀበሉ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ወራሪው ጦር ሰፈርታክ ላይ ዐባይን ሳይጠቃ የተሻገረው የብቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ በራስ ኃይሉ ማባበያ ችላ ስላለው ነው፤ ለበላይ ስም የሚቆረቆር አንባቢ ይህን ክስ በቀላሉ የሚቀበለው አይደለም፣ ከሳሾቹም ለራሳቸው መዘግየት ሰበብ የሚፈልጉ የጦር ሰዎች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ለድራማ ጸሐፊ ግን ይህ ያልተፈታ ጥያቄ ከማንኛውም የፈጠራ ሴራ ይበልጣል፤ ማን ለማን ምን መልእክት ላከ፣ መልእክቱን ያደረሰው ማን ነበር፣ መልእክተኛው ራሱ የማን ሰው ነበር?

ከነጻነት በኋላ የጎጃም ግዛት ለሌላ ራስ ኃይሉ፣ ለራስ ኃይሉ በለው ሲሰጥ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ለጠላት ያልተንበረከከው በላይ በሹመቱ ቅር ተሰኝቶ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፤ ተይዞ ተፈረደበት፣ ከእስር አመለጠ፣ እንደገና ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን የተሰለፈ፣ የፊተኛው ራስ ኃይሉ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ ቤተሰብ የሆነ ሰው ነበር፤ እኚህ ራስ ኃይሉ ራሳቸው ግን የስቅላት ፍርድ አልደረሰባቸውም። አርበኛውንና የጣሊያኑን ወገን አንድ ገመድ ላይ ያገናኘው ይህ ፍጻሜ፣ «ዘ አሜሪካንስ» ስድስት ምዕራፍ ደክሞ የገነባውን ዓይነት የተጠላለፈ ታማኝነት ታሪክ ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀመጠው ነው።

የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ይህን ለመሸከም አቅም አያንሰውም። «ገመና» ሁለተኛ ምዕራፍ ሲመጣ ተመልካቹ ተከትሎታል፤ ከዚያ በፊትም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አድማጩ ቀጣዩን ክፍል በጉጉት ይጠብቅ ነበር። የጎጃም የስለላ ድራማ ለገጸ ባሕርያቱ ሽፋን፣ ማለትም እውነተኛ ሥራን የሚደብቅ መታወቂያ፣ ከውጭ መዋስ አያስፈልገውም፤ ከዲማ ወደ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ፍለጋ የሚጓዘውን የቆሎ ተማሪ፣ ጨው ነጋዴውን፣ አዝማሪውን፣ ጠላ ሻጯን ማን ጠርጥሮ ያስቆማቸዋል? ጸሐፊው ሊጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ቢኖር ታሪኩን ከየት እንደሚጀምር ነው፤ ከኦሜድላ ቢጀምር የዘመቻ ድራማ ይሆንበታል፣ በ1937 ዓ.ም. ከስቅላቱ ዋዜማ፣ ሁለቱ እስረኞች በአንድ ግቢ ሆነው ስላለፈው ሲነጋገሩ ቢጀምር ግን እያንዳንዱ ምዕራፍ ወደ ኋላ ሄዶ የአንዱን ውሸት ምንጭ ሊያሳይ ይችላል።