የከተማ አትክልት ስፍራዎችን ስለ መጐብኘት
በወልድያ፣ በመርሳና በሲሪንቃ አካባቢ ላሉ አስተዳዳሪዎች፣ ባለ ይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት

በከተማ ውስጥ ያለውን አትክልት ስፍራ ለመጐብኘት የሚሄድ ሹም ብዙ ጊዜ የሚመለከተው አረንጓዴውን ብቻ ነው። ጎመኑ ለምልሞ፣ ቃሪያው አፍርቶ፣ የማኅበሩም ሰዎች በተራ ቆመው ሲጠብቁት ያያል፤ አመስግኖም ይመለሳል። ማመስገኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን አትክልቱ እስከ በጋ የሚቈይ ወይም የሚደርቅ፣ የሚበላውንም ሰው የሚጠቅም ወይም የሚጐዳ መሆኑ የሚታወቀው ከቅጠሉ ልምላሜ አይደለም፤ ከውኃው፣ ከመሬቱ ውልና ከችግኙ መምጫ ነው እንጂ። ይህን ጽሑፍ ማቅረባችንም ጐብኚው እነዚህን እንዲመረምር ነው።

በከተማ ማልማት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጌሾና ጤና አዳም፣ በሶብላና ጎመን የማይበቅልበት የቀድሞ ሰው ጓሮ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በውጭ አገርም የኩባ ዋና ከተማ ሃቫና የሶቪየት ኅብረት በ1984 ዓ.ም. በፈረሰ ጊዜ ነዳጅና ማዳበሪያ ስለ ተቋረጠባት፣ ባዶ የነበሩትን የከተማ ቦታዎች በመደብ በመደብ ከፍላ አትክልት ማልማት ጀመረች፤ ሕዝቧም ከዚያ የሚመገበው ብዙ ነው። ወደ እኛም ስንመለስ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ተይዘው መንገዱ በተዘጋ ጊዜ፣ ገበያ የሚወጣ አትክልት ከሩቅ ሊመጣ እንደማይችል ሁሉም አይቷል። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት ዕቅድም በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ ልማት የሹማምንት ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ጉብኝቱ እየበዛ ሄዷል፤ የጉብኝቱ ጥቅም ግን በሚጠየቀው ጥያቄ ልክ ነው።

አስቀድሞ የቦታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሪንቃ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 508 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1850 ሜትር ግድም ከፍታ፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መርሳ ከእርስዋ ዝቅ ብላ ሞቃት ስለ ሆነች ለፓፓያና ለማንጎ ትመቻለች፤ ወልድያ ግን ከፍ ያለች ናትና ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይስማሟታል። በመርሳ ያየውን ፓፓያ በወልድያ ጓሮ ሁሉ እንዲተከል የሚያዝ ሹም ለችግኝ የወጣውን ገንዘብ ያባክናል።

ስለ ውኃው። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ በደረቅ ወራት በቀን 5 ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አንድ ማኅበር 100 ካሬ ሜትር ቢያለማ በየቀኑ 500 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር ሃያ አምስት ጀሪካን ይፈልጋል። ይህን በጀርባቸው የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። ጉብኝቱ የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ በመስከረም ነው፤ በመስከረም ደግሞ ድንጋይም ያለመልማል። ስለዚህ ጐብኚው «ይህ ውኃ በየካቲት ከወዴት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከተቻለም በየካቲት ተመልሶ ይይ። በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በጠብታ መስኖ እየተመራ ለአትክልት ይውላል፤ የከተማ ማኅበርም በትንሽ በርሜልና በተበሳ ቱቦ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። መደቡን በገለባ ማልበስና ማለዳ ወይም ማታ ማጠጣት ወጪ የለውም፤ ውኃውን ግን በብዙ ያተርፋል።

የውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ንጽሕናውም ይመርመር። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚለማው አትክልት ለብዙ ዘመን ከተማዋን ሲመግብ ኖሯል፤ ነገር ግን ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ወንዙ ስለሚገባ በአትክልቱ ውስጥ እንደ ክሮምና ካድሚየም ያሉ ጐጂ ማዕድናት ተገኝተዋል። ከዚህም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የኮምቦልቻ ነገር ነው፤ በዚያም የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ለዮሌ ወንዝ ክሮም እንደሚያስገባ በምርመራ ታውቋል። እንዲህ ያለው ማዕድን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የሚገባ ስለ ሆነ በማጠብ አይለቅም፤ ሰላጣና ቆስጣም ከጥቅል ጎመን ይበልጥ ይስቡታል። የመጸዳጃ ፍሳሽ የነካው ውኃ ደግሞ የሆድ ትልና የተስቦ በሽታ ያመጣልና ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ፈጽሞ አይገባም። ከጋራዥ፣ ከነዳጅ ማደያ ወይም ከፋብሪካ በታች በሚወርድ ቦይ የሚጠጣ መደብ የታየ እንደ ሆነ ምንም ያህል ቢያምር ሊመሰገን አይገባውም።

ስለ መሬቱ በአጭሩ እናመልክት። መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በግል የሚሸጥና የሚለወጥ መሆኑ ስለ ቀረ፣ በከተማ ባዶ ቦታ ላይ የሚያለማ ማኅበር የሚተማመነው በተሰጠው ወረቀት ብቻ ነው። ጎመን በሦስት ወር ይደርሳል፤ ሙዝ ከዓመት ያላነሰ፣ የተዳቀለ ማንጎ ደግሞ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል። እንግዲህ በቃል ብቻ «ለጊዜው አልሙበት» የተባሉ ሰዎች ጎመን እንጂ ማንጎ አለመትከላቸው ስንፍና ሳይሆን ማስተዋል ነው። ባለ ይዞታውም ሆነ ከንቲባው ዘመኑን በጽሑፍ ይወስንላቸው፤ ለሕንፃ የተያዘ ቦታ ከሆነም ይህንኑ ከመጀመሪያው ይንገራቸው።

አሁን ወደ ችግኙ እንመለስ፤ ለዚህ አገር ከሁሉ የከበደው እርሱ ነውና። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በትግራይና በሰሜን ወሎ የብርቱካን ወገን የሆኑ ዛፎች በተመረመሩ ጊዜ፣ በእስያና በአሜሪካ ሰፊ እርሻ ያጠፋው አረንጓዴ አድርቅ በሽታ የሚያመጣው የእስያ ዓይነት ባክቴሪያ ተገኘ። ይህ በሽታ ብርቱካንን፣ መንደሪንን፣ ሎሚንና ትርንጎን ይይዛል፤ እስከ ዛሬም ማዳኛ መድኃኒት አልተገኘለትም። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ጭማቂ በምትመጥ፣ ከሩዝ ፍሬ በምታንስ ዘላይ ነፍሳት ነው፤ ሁለተኛው ከታመመ ዛፍ በተቈረጠ ቅርንጫፍ ችግኝ በማዳቀል ነው። ነፍሳቲቱ ብቻዋን ሩቅ አትሄድም፤ ሰው በመኪና የጫነው ችግኝ ግን በአንድ ቀን ከወረዳ ወረዳ ይደርሳል።

ጐብኚም ራሱ የበሽታ ተሸካሚ የሚሆነው በዚህ ነው። በአገራችን ልማድ ከአትክልት ስፍራ እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ስለ ሆነ፣ ለሹሙ አንድ ሁለት የብርቱካን ችግኝ በመኪናው ይጫንለታል፤ እርሱም ለሚቀጥለው ማኅበር ያበረክተዋል። ይህ ደግነት በመርሳና በጊራና ላለው የፍራፍሬ እርሻ ትልቅ አደጋ ነው። ስጦታው ፍሬ ይሁን፤ ችግኝና ቅርንጫፍ አይሁን። ለማኅበራት የሚታደለው ችግኝም ከታወቀና ከተመረመረ ጣቢያ ይገዛ፤ ሻጩም እናት ዛፉ የት እንዳለች ሊያሳይ ካልቻለ አይገዛ።

በሽታውን በዓይን ለመጠርጠር ቅጠሉን መመልከት ነው። ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ያለው ብጫ የማይመሳሰልና ዝብርቅርቅ ሲሆን ያጠራጥራል፤ ሁለቱ ወገን እኩል የሆነ ብጫ ግን ብዙ ጊዜ የዚንክ ወይም የብረት ማነስ ነው። ፍሬው ያንሳል፣ ይጣመማል፣ በስተታቹ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፤ ጣዕሙም ይመራል። እርግጡ የሚታወቀው ግን በቤተ ሙከራ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ዛፍ ያጋጠመ እንደ ሆነ ቅጠሉን ቈርጦ ይዞ መሄድ አይገባም፤ ነፍሳቲቱ አብራ ትሄዳለችና። ዛፉ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ቦታው ይጻፍ፤ ከዚያም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በሲሪንቃ ላለው የግብርና ምርምር ማእከል ይነገርና ባለሙያው ራሱ ወደ ዛፉ ይምጣ። ሰዎቹ እስኪመጡ ድረስ ከዚያ ግቢ የብርቱካን ወገን ችግኝ እንዳይወጣ ባለ ይዞታው ይከልክል።