አሸዋው ዳር የሚወራው

የኛ ሰው ዓይኑ አሥር ሺው ላይ ነው። ሩጫው ሲጋጋል እዚያ ማዶ፣ አሸዋው ዳር፣ ምን እንደሚሠራ ማን ያያል? ልንገራችሁ። ከእሷ ሰማን እንዳትሉ ብቻ!

ርዝመት ዝላይ ላይ ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ዘላዩ አየር ላይ ብስክሌት የሚነዳ ይመስል እግሩን ሲያሽከረክር አይታችኋል አይደል? እንዴት ያምራል! ርቀት ግን አይጨምርም። ቅንጣት ታህል። እግሩ የመነሻ ጣውላውን ከለቀቀ በኋላ የክብደቱ መሀል የሚሄድበት መንገድ ተቆርጧል፤ ቢፈራገጥም ባይፈራገጥም ያው ነው። ታዲያ ምን ያፈራግጠዋል? በአፍጢሙ እንዳይደፋ ነዋ! እግሩ ጣውላው ላይ ሲተከል ላይኛው አካሉ ወደ ፊት መገልበጥ ይጀምራል፤ እጅና እግሩን የሚያሽከረክረው ያንን ለመግታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አንዳንድ ደፋሮች ትግሉን ትተው አየር ላይ ሙሉ በሙሉ ተገልብጠው አረፉ። አደገኛ ነው ተባለና ተከለከለ። ቀረብን እቴ!

አሁን ወደ ጉዱ። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውን እርምጃ ጠብቋት። ከሌሎቹ ረዘም ትላለች፣ ወገብም በስሱ ዝቅ ይላል። የመጨረሻዋ አጠር ትላለች። ከዚያ እግር ከሰውነት ቀድሞ ጣውላው ላይ ይተከላል፤ ያ ሁሉ ሩጫ በላዩ ሲሻገር ሰውነት ወደ ላይ ይነሣል። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥ። ዓይናችሁን ካርገበገባችሁ አመለጣችሁ።

ከፍታው ግን በነፃ አይገኝም። ዋጋው ፍጥነት ነው። ትምህርት ቤት የተማራችሁትን 45 ዲግሪ እርሱት፤ በ45 ልነሣ የሚል ሩጫውን ይገድላል። ምርጦቹ የሚነሡት በ20 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያች አካባቢ ግን ገበያው ደርቷል!

ቶኪዮ፣ እ.ኤ.አ. 1991። ዘላዮቹ ማይክ ፓወልና ካርል ሉዊስ። ሁለቱም ጣውላው ጋ የደረሱት በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ እየበረሩ ነው። ሉዊስ ስስታም ነው፤ ፍጥነቱን ይዞ በ18 ዲግሪ ግድም ወጣ፤ 8.91 ሜትር። ንፋሱ ከተፈቀደው 2 ሜትር በሰከንድ ስለበለጠ ለክብረ ወሰን አልተቆጠረለትም። ፓወል ደግሞ ፍጥነቱን በልግስና መንዝሮ ከ22 ዲግሪ በላይ ተነሣ። 8.95። እስከ ዛሬ የነካው የለም። ለእኔ የፓወል ይበልጣል፤ ያን ያህል ፍጥነት ጥሎ ያን ያህል መውጣት የሚችል ጉልበት የትም አይገኝም።

አንድ ልጨምር? ዘላዮች መንደርደሪያውን በሜትር ለክተው፣ ምልክት አድርገው፣ እርምጃችን ሁሌም አንድ ነው ይሏችኋል። ውሸት ነው! ሳያውቁት ነው ታዲያ የሚዋሹት። ሲሮጡ እርምጃቸው ትንሽ በትንሽ ይዛነፋል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ላይ ዓይናቸው ጣውላውን ሰርቆ አይቶ ያስተካክላል። አሰልጣኙ «ወደ ታች አትይ!» ብሎ ይጮኻል። ዓይን መች ይሰማል?

ማረፊያው ላይ ደግሞ የሚለካው ለጣውላው የቀረበው ምልክት ነው። የእግር ይሁን የመቀመጫ፣ አሸዋው አይጠይቅም። ለንደን፣ እ.ኤ.አ. 2017፣ የዓለም ሻምፒዮና፤ ሰርቢያዊቷ ኢቫና ሽፓኖቪች በመጨረሻ ሙከራዋ እሩቅ ያረፈች መሰለች። ልኬቱ ሲወጣ 6.91። ጀርባዋ ላይ የተለጠፈው የቁጥር ወረቀት አሸዋውን ነክቶ ይሆናል ተባለ። ሰርቢያዎች አቤት አሉ፤ የሰማቸው የለም። በቀደመው 6.96 ዝላይዋ አራተኛ ሆነች። ነሐሱ የሄደው በ6.97 ነው።