ሥራ ያቆመ ሳተላይት ወዴት ይሄዳል?

ሞተሩ የጠፋ መኪና ጥቂት ተንሸራትቶ ይቆማል። ለመሆኑ አንድ ሳተላይት ሥራውን ሲያቆም ምን ይሆናል? ብዙዎች «ይወድቃል» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መልስ የቱን ያህል ከእውነቱ እንደሚርቅ ለመረዳት ኮስሞስ 2251 የተባለውን የሩሲያ ሳተላይት ታሪክ እንመልከት።

ኮስሞስ 2251 ክብደቱ 900 ኪሎ ግራም ያህል የሆነ ወታደራዊ የመገናኛ ሳተላይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ሕዋ ተልኮ በ1995 አገልግሎቱን አበቃ። ይሁን እንጂ ሳተላይትን በምኅዋሩ ላይ የሚያቆየው ሞተር አይደለም። ከምድር ገጽ 790 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ አካል በስበት ምክንያት ዘወትር ወደ ምድር ይወድቃል፤ ወደ ጎን የሚጓዝበት ፍጥነት ታላቅ በመሆኑ ግን የምድር ገጽ በዚያው ልክ ከሥሩ እየጎበጠ ይሸሸዋል። ፍጥነቱን የሚቀንሰው የአየር ሰበቃ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ እጅግ ስስ ስለሆነ ሳተላይቱ ወርዶ እስኪቃጠል ድረስ በርካታ አሥርት ዓመታት፣ አልፎም መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ስለዚህ ኮስሞስ 2251 ራዲዮው ዝም ካለ በኋላም በየ100 ደቂቃው ምድርን መዞሩን ቀጠለ። ከመንገዱ ዞር እንዲል ሊያዝዘው የሚችል ግን ማንም አልነበረም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 በሰሜን ሳይቤሪያ ከታይሚር ልሳነ ምድር በላይ፣ በሥራ ላይ ከነበረው ኢሪዲየም 33 ከተባለ የአሜሪካ የመገናኛ ሳተላይት ጋር ተጋጨ። አስቀድሞ የተሠራው ስሌት በጥቂት መቶ ሜትሮች እንደሚተላለፉ ያመለክት ነበር። ሁለት ሙሉ ሳተላይቶች ሳይታሰብ ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የግጭቱን ብርታት እናስላ። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚገኘው የመጠነ ቁስን ግማሽ በራሱ በተባዛ ፍጥነት በማባዛት ነው። ሁለቱ መንገዶች ተሻግረው ስለተገናኙ የሳተላይቶቹ አንጻራዊ ፍጥነት በሰከንድ 11.7 ኪሎ ሜትር ደረሰ። በዚህ ፍጥነት አንድ ኪሎ ግራም ብረት 68 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል፤ ይህም ከ16 ኪሎ ግራም ቲ ኤን ቲ ፈንጂ ጋር የሚተካከል ነው።

በዚህ ሳቢያ ከምድር ሆኖ መከታተል የተቻለው ስብርባሪ ብቻ ከ2,000 በላይ ሆነ። በማርች 2012 ከኮስሞስ 2251 የተገነጠለ አንድ ቁራጭ ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ በመቅረቡ ጠፈርተኞቹ ወደ ማምለጫ መንኮራኩሮቻቸው ገብተው አደጋው እስኪያልፍ ጠበቁ።

ዶናልድ ኬስለርና በርተን ኩር-ፓሌ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሥጋት ያመለከቱት በ1978 ነው። ስብርባሪ ሌላውን እየመታ፣ እያንዳንዱ ግጭት ተጨማሪ ስብርባሪ እየፈጠረ ከቀጠለ አንዳንድ ምኅዋሮች ለአገልግሎት እጅግ አደገኛ ይሆናሉ።

መፍትሔው ከመሞት በፊት መውረድ ነው። ሳተላይቱ በቀረችው ነዳጅ ምኅዋሩን ዝቅ ካደረገ አየሩ የቀረውን ሥራ ይሠራል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽንም በ2022 ባወጣው ደንብ ከዝቅተኛው ምኅዋር የሚወገዱ ሳተላይቶች ሥራ ካቆሙ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ እንዲወርዱ ወስኗል፤ ቀድሞ የተለመደው ገደብ 25 ዓመት ነበር።

እንግዲህ ሳተላይት የሚሠራ መሐንዲስ ስለ አወጣጡ ብቻ ሳይሆን ስለ አወራረዱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሰብ ይኖርበታል።