ተወዳዳሪን ስለ ማወቅ

አንድ ታላቅ የሥራ ድርጅት የሚያስተዳድር ሰው ዕለት ዕለት የሚያስበው ሌላውን ነጋዴ በምን እንደሚበልጥ ነው። ተወዳዳሪው በእውነት ማን እንደ ሆነ ለይቶ ለማወቅ የሚደክም ግን ጥቂት ነው። ይህም በአሜሪካ አገር በሚስተር ሄንሪ ፎርድ ሥራ ላይ ከደረሰው ነገር ይታያል።

ሚስተር ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓመተ ምሕረት ሲያወጡ ዋጋው 850 ዶላር ነበረ። በ1913 ሠራተኛው በስፍራው ቆሞ ሥራው ወደ እርሱ እየተሳበ የሚመጣበትን ሥርዓት በፋብሪካቸው አቆሙ፤ ቀድሞ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ መገጣጠም በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ዋጋውም እየቀነሰ ሄዶ በ1925 ከ300 ዶላር በታች ሆነ፤ ገበሬውም የቀን ሠራተኛውም አውቶሞቢል ገዛ። በ1921 በአሜሪካ ከተሸጠው አውቶሞቢል ከግማሽ የሚበልጠው የእርሳቸው ነበረ።

ስለዚህ ሚስተር ፎርድ ውድድር ማለት ዋጋን መቀነስ ነው ብለው ቆረጡ። ይህ አሳብ ከመጀመሪያው ስሕተት ነበረ ማለት አይገባም፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል እውነት ሆኖ ኖሯልና። ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ብዙ ዘመን የጠቀመን አሳብ እንደ ገና መመርመር እጅግ ይከብዳል።

ከ1923 ጀምሮ የጄኔራል ሞተርስን ኩባንያ የመሩት ሚስተር አልፍሬድ ስሎን ግን ገበያውን በሌላ ዓይን ተመለከቱት። አሁን የሚመጣው ገዢ ቀድሞ አውቶሞቢል የነበረው ሰው ነው፤ አሮጌውን ሰጥቶ፥ የጎደለውን በየወሩ እየከፈለ፥ የተሻለውን መውሰድ ይፈልጋል። ለዚህም የሚያበድር ድርጅት ኩባንያው በ1919 አቋቁሞ ነበረ። ከገዢው የተወሰደው አሮጌ አውቶሞቢልም ተመልሶ በርካሽ ይሸጣል። እንግዲህ ገንዘብ ያነሰው ሰው በአዲሱ ሞዴል ቲ ዋጋ፥ ሌላ ሰው የተገለገለበትን፥ ግን የበለጠ ምቾት ያለውን አውቶሞቢል ለመግዛት ቻለ። የሞዴል ቲ ተወዳዳሪ ሸቭሮሌ ብቻ ሳይሆን ይህም አሮጌ አውቶሞቢል ነበረ፤ በፋብሪካ ብልሃት ዋጋን በመቀነስ የሚሸነፍ አይደለም። ደግሞም ሰው ሁሉ ዝናብና ብርድ የማያስገባውን ዝግ አውቶሞቢል ሲመርጥ፥ የሞዴል ቲ ቀላል ሻንሲ ለዚህ አልተመቸም። ቀለሙም ከ1914 እስከ 1925 ጥቁር ብቻ ነበረ።

ይህን የሚነግራቸው ሰው አልጠፋም። በጃንዋሪ 1926 ሚስተር ኤርነስት ካንዝለር የተባሉ የኩባንያው ሹም፥ የልጃቸው የሚስተር ኤድሰል ፎርድ ሚስት እኅት ባል፥ አዲስ ሞዴል እንደሚያስፈልግ በስድስት ገጽ ጽሑፍ በብዙ ትሕትና ገለጹላቸው። በዚያው ዓመት ከሥራቸው ተሰናበቱ። የሽያጩን መቀነስ የሚያሳየውን ቁጥር ግን ማሰናበት አልተቻለም።

በሜይ 1927፥ ከ15 ሚሊዮን ያላነሰ ከተሠራ በኋላ፥ የሞዴል ቲ ሥራ ቆመ። የሚተካው አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ ፋብሪካው ለብዙ ወራት ተዘጋ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ያለ ደመወዝ ቀሩ፤ ውሳኔውን ያዘገዩት ግን እነርሱ አልነበሩም። አዲሱ ሞዴል ኤ በዲሴምበር ወጣ። በ1928 የፎርድን አውቶሞቢል በየወሩ እየከፈሉ ለሚገዙ ሰዎች የሚያበድር ድርጅት ሲቋቋም፥ የመሩት ሚስተር ካንዝለር ነበሩ።