ሐረጋዊ ግሥ (እንግሊዝኛ)

ሐረጋዊ ግሥ በእንግሊዝኛ ሰዋስው አንድ ግሥ አቅጣጫን ከሚያመለክት አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ የሚመሠረት፣ እንደ አንድ ግሥ የሚያገለግል ሐረግ ነው። ከአቅጣጫ ቃላቱ ዋና ዋናዎቹ «አፕ» (ወደ ላይ)፣ «ዳውን» (ወደ ታች)፣ «ኢን» (ወደ ውስጥ)፣ «አውት» (ወደ ውጭ)፣ «ኦን» (ላይ) እና «ኦፍ» (መለየት፣ መራቅ) ናቸው።

አቅጣጫ በአማርኛና በእንግሊዝኛ

በአማርኛ አቅጣጫው በራሱ በግሡ ውስጥ ይገኛል። አርባ ምንጭ ላይ ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚሄድ ሰው «ወረደ»፣ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚሄድ ደግሞ «ወጣ» ይባላል። እንግሊዝኛ ግን «ጎ» (ሄደ) የሚለውን ግሥ ሳይቀይር «ጎ ዳውን»፣ «ጎ አፕ» ይላል። በአማርኛ ተራራም ቢሆን ከቤትም ቢሆን «ወጣ» ሲባል፣ እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ጎ አፕ»፣ ሁለተኛውን «ጎ አውት» ብሎ ይለያል። አሜሪካዊው የሥነ ልሳን ምሁር ሌነርድ ታልሚ ቋንቋዎችን በዚህ ልዩነት መሠረት መድቧል፤ ሴማዊ ቋንቋዎች አቅጣጫን በግሡ፣ እንግሊዝኛ ከግሡ ውጭ ባለ ቃል ከሚገልጹት ይመደባሉ።

የትርጉም ለውጥ

የአቅጣጫ ቃሉ ግሡን በሦስት መንገድ ይለውጣል፦

* ቀጥተኛ አቅጣጫ፦ «ሲት ዳውን» ቁጭ አለ።
* ፍጻሜ፦ «ኢት» በላ፤ «ኢት አፕ» በልቶ ጨረሰ፣ ጥርግ አድርጎ በላ።
* አዲስ ትርጉም፦ «ጊቭ» ሰጠ፤ «ጊቭ አፕ» ተስፋ ቆረጠ።

ሦስተኛው ዓይነት ቃል በቃል አይተረጎምም። «ብሬክ» (ሰበረ) የሚለው ግሥ «ብሬክ ዳውን» ሲሆን መኪና ተበላሸ፣ «ብሬክ ኢን» ሲሆን ሰብሮ ገባ፣ «ብሬክ አውት» ሲሆን ወረርሽኝ ወይም ጦርነት ተነሳ ማለት ነው።

የቃላት ቅደም ተከተል

ተሳቢው ስም ሲሆን ከአቅጣጫ ቃሉ በፊትም በኋላም ሊመጣ ይችላል። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን በመካከል ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ» (አጥፋው) ትክክል ነው፤ «ተርን ኦፍ ኢት» ስሕተት ነው።

በትምህርት

በኢትዮጵያ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። በጋሞ ዞን ጋሞኛን በአፍ መፍቻነት፣ አማርኛን በሁለተኛነት ለሚናገር ተማሪ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። በክፍል ውስጥ የአንዲት አጭር ቃል ልዩነት ዋጋ ያስከፍላል፦ «ሃንድ አውት» አድል፣ «ሃንድ ኢን» አስረክብ ማለት ነው። ፈተና «ፑት ኦፍ» ተደረገ ከተባለ ወደ ሌላ ቀን ተዛውሯል፤ «ኮል ኦፍ» ከተባለ ግን ተሰርዟል።

በኮምፒዩተርም «ሎግ ኢን» (ግባ)፣ «ሎግ አውት» (ውጣ) እና «ሻት ዳውን» (ዝጋ) የዚሁ ዓይነት ናቸው። እነዚህ ግሥ ሲሆኑ በሁለት ቃል፣ ስም ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ይጻፋሉ።