የሴፍቲኔት ክፍያ የጎደለበት ሰው ምን ያድርግ?

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጥ ነው። መሥራት የሚችል እርከን ይሠራል፤ ችግኝ ይተክላል፤ መንገድ ይጠግናል። ጧሪ የሌላቸው አቅመ ደካሞች ሳይሠሩ ይረዳሉ። ነፍሰ ጡር ሴትም ከሥራው ታርፋለች፤ ክፍያዋ ግን አይቋረጥም።

ታዲያ ስም ከመዝገብ ሲቀር ወይም ክፍያ ሲጎድል ምን ይደረጋል? ዝም አይባልም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

መጀመሪያ መዝገቡን አንብቡ። ቤታችሁ 5 ሰው ሆኖ 3 ተብሎ ከተጻፈ፣ የ2 ሰው ቀለብ ቀረ ማለት ነው። ምክንያቱን ጠይቁ።

ቀጥሎ ወደ ቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሂዱ። የተጠቃሚነት ካርዳችሁን ያዙ። የትኛው ወር እንደ ቀረ፣ ስንት ቀን እንደ ሠራችሁ፣ ስንት ብር እንደ ደረሳችሁ በወረቀት ጻፉ። ቀኑንም አስፍሩ። አንድ ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ኮሚቴው መልስ ካልሰጠ ጉዳዩን ወደ ወረዳ አድርሱ። አቤት ማለት መብት ነው።

ማንበብ የማይችሉ ጎረቤት ካሉ ደግሞ ካርዳቸውን አንብቡላቸው፤ አቤቱታቸውንም ጻፉላቸው።